ከኂሩት እስከ ኂሩት፤ ስለ ደፋር ፊልሞቻችን ታሪክና ውርስ

መግቢያ

የዚህች አጭር ጽሑፍ አሳብ በአገራችን «ለአዋቂ ብቻ» ተብሎ የሚከደነውን ነገር ደፍረው ለሕዝብ ያሳዩትን ፊልሞች ታሪክ በአጭሩ መግለጽና፣ ከነርሱ የተረፈልን ምን እንደ ሆነ መመርመር ነው። ስለ ካሜራና ስለ መብራት አሠራር አልጽፍም። የምጽፈው ተመልካቹን ስለሚነካው ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሰው የሚያፍርበትን ነገር በጨለማ ቤት ተቀምጦ ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ሲያይ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ነው።

ጉዳዩን እንዳስብበት ያደረገኝ የተወለድሁበት አገር ነው። ጅጋ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም መካከል የምትገኝ የምዕራብ ጎጃም ከተማ ናት። እኛ ልጆች ሳለን ሲኒማ የምናውቀው በቪዲዮ ቤት ነበር። ቪዲዮ ቤት ማለት ግድግዳው ጭቃ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮችና አንድ ቴሌቪዥን ያለበት ክፍል ነው። ቀን ቀን የህንድ ፊልምና የካራቴ ፊልም ይታይበታል። ሲመሽ ግን ልጆች ይባረሩና በሩ ይዘጋል፤ እኛም በግድግዳው ስንጥቅ ለማየት እንጋፋ ነበር። አባቶቻችን በዚያ በር ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ይሁን እንጂ እነዚያው አባቶች በሠርግ ዳስ ውስጥ የሚስቁበትን ዘፈን የሰማ ሰው፣ የሚያሳፍራቸው ነገሩ ራሱ ሳይሆን የሚገለጥበት መንገድ መሆኑን ይረዳል። የዚህ ጽሑፍ መነሻም ይኸው ነው።

1. «ድፍረት» ስለሚለው ቃል

«ደፈረ» የሚለው ግሥ በቋንቋችን ሁለት ዋና ፍቺ አለው። ደፋር ሰው ስንል ልብ ያለውን፣ ሌላው የሚፈራውን የማይፈራውን ሰው ማለታችን ነው። «ልጅቱን ደፈራት» ስንል ግን ያለ ፈቃዷ በጉልበት ተገናኛት፣ ክብሯን ገሠሠ ማለታችን ነው። ሰንበትን መድፈር፣ ሽማግሌን መድፈር የምንለውም ለዚህ ለሁለተኛው ይቀርባል። እንግዲህ አንዱ ቃል የጀግናም የበደለኛም ስም ነው።

ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ የቅኔ ቤት በሆኑበት አገር ለተወለደ ሰው አንድ ቃል ሁለት ፍቺ መያዙ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ይህ ቃል ግን ለያዝነው ጉዳይ በጣም ይስማማል። ደፋር የሚባል ፊልም ሁሉ ሁለቱንም ፍቺ ተሸክሞ ይሄዳልና። የተከደነውን በደል ሲገልጥ በመጀመሪያው ፍቺ ደፋር ይባላል። የሚገልጠውን ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ ከገለጠ ግን በሁለተኛው ፍቺ ደፋሪ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች የምናየው ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚሄድ ታሪክ ነው።

2. በአገር ቤት ያለው ልማድ

ባላገሩ ስለ ወንድና ሴት ነገር ዝም የሚል ሕዝብ አይደለም። ነገር ግን ለመናገሪያው ጊዜና ልብስ ሰጥቶታል። ይህን በሦስት ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል።

መጀመሪያው የሠርግ ዘፈን ነው። በሠርግ ቀን የሙሽራው ወገንና የሙሽራይቱ ወገን በግጥም ይሰዳደባሉ። በሌላ ቀን ቢነገር ደም የሚያፋስሰው ቃል በዚያ ቀን ያሥቃል፤ ማግስቱን ግን ማንም አይደግመውም። ሁለተኛው አዝማሪ ነው። አዝማሪው በጠጅ ቤት መሰንቆውን ይዞ ስለ ኮማሪቷም ስለ ጠጪውም የፈለገውን ይላል፤ የሚለው ግን በሰምና ወርቅ ተጠቅልሎ ስለ ሆነ፣ የገባው ይሥቃል፣ ያልገባው ሰሙን ይዞ ይሄዳል፤ አዝማሪውም ቢጠየቅ «እኔ ያልሁት ሌላ ነው» ይላል። ሦስተኛው የብር አምባር ልማድ ነው። የሙሽራይቱ ድንግልና የታወቀበት ጨርቅ በሚዜዎች እጅ ለወላጆች ይቀርብ ነበር። ከዚህ የበለጠ የመኝታ ቤት ምሥጢር የለም፤ ሆኖም በእልልታና በዘፈን፣ በብር አምባር ስም ተሸፍኖ በአደባባይ ይነገር ነበር።

እንግዲህ ልማዱ ምንም አይከለክልም ማለት ነውን? አይደለም። በሦስቱም ምሳሌ ውስጥ የማይነገር አንድ ነገር አለ። እርሱም የልጅቱ ፈቃድ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተነጋግሮ፣ ዳስ ተጥሎ፣ ዘፈኑ ሁሉ ሲዘፈን «ልጅቱን ማን ጠየቃት?» የሚል ግጥም አይሰማም። በአገራችን በጎጃም ሴት ልጅን ገና በለጋ ዕድሜዋ መዳር የቆየ ልማድ ነው፤ በሌላውም አገር ጠለፋ ነበረ። ስለ መኝታ መቀለድ ይፈቀዳል፤ ስለ ፈቃድ መጠየቅ ግን ያሳፍራል። ፊልም ወደ አገራችን መጥቶ ያደፈረሰው ይህን ሥርዓት ነው።

3. ሲኒማና የመጀመሪያዪቱ ኂሩት

በዓለም ላይ ሲኒማ ለመጀመሪያ ጊዜ በክፍያ ለሕዝብ የታየው እ. ኤ. አ. በ1895 በፓሪስ መሆኑ ይታወቃል። ወደ አገራችንም የገባው ብዙ ሳይቆይ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው እስከ ዛሬ ይነገራል። ስሙን ያወጣው ሰው ነገሩ አልጠፋበትም። ሰው ያልሆነ ሰው በግድግዳ ላይ ሲሄድ ማየት አስደንጋጭ ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን ወንድና ሴት፣ ጌታና ሎሌ በአንድ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው አንድ ነገር ማየታቸው ነው። ለዘፈኑ የሠርግ ቀን፣ ለአዝማሪው ሰም ነበራቸው፤ ሲኒማ ግን ሰም የለውም። የታየው ታይቷል፤ «እኔ ያሳየሁት ሌላ ነው» ማለት አይቻልም።

ብዙ ዓመት የታየው የውጭ አገር ፊልም ስለ ነበረ ነውሩም የውጭ አገር ሰው ነውር ነበር። የፈረንጅ ሴት በሸራው ላይ ብትሳም ተመልካቹ «ፈረንጅ ነውና» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ የተለወጠው በ1957 ዓ. ም. ነው። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ልብ ወለድ ፊልም «ኂሩት አባቷ ማነው?» ለሕዝብ ታየ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ሲሆን፣ ደራሲው ኢላላ ኢብሳ፣ አዘጋጁም ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ነበሩ።

ርእሱን እንመልከት። የመጀመሪያው ፊልማችን ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ጦርነት አልነበረም። የመጀመሪያው ፊልማችን ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም በመንደር ሁሉ በሹክሹክታ የሚጠየቀው፣ እናትን የሚያዋርደው፣ ልጅን ከእኩዮቿ የሚለየው ጥያቄ ነው። አባት ለልጁ ስም የሚሰጥበት አገር ነውና፣ አባቷ ያልታወቀ ልጅ ግማሽ ስም ብቻ አላት። ይህን ጥያቄ በትልቅ ፊደል ጽፎ በሲኒማ ቤት በር ላይ መስቀል ታላቅ ድፍረት ነበር። ከዚህም በላይ ጥያቄው የሚያመለክተው ወደ ልጅቱ አይደለም፤ ወደ ጠፋው ሰውዬ ነው። በአዳራሹ የተቀመጠ ወንድ ሁሉ «ማነው?» ሲባል ለአንድ አፍታ በልቡ መልስ ለመስጠት ይገደዳል።

«ኂሩት» በግዕዝ ቸርነት፣ ደግነት ማለት መሆኑንም እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ይህን ስም ከዚህ በታች እንደ ገና እናገኘዋለን።

4. ከ«ጉማ» እስከ «ጤዛ»

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ እናልፋለን። በ1966 ዓ. ም. የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ወጣ፤ ነገሩም የደም ካሣ ነው። ከአብዮቱ በኋላ የሲኒማ ቤቶቹ በመንግሥት እጅ ገቡ፤ እ. ኤ. አ. በ1986 የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። በዚያ ዘመን ከልብ ወለድ ፊልም ይልቅ የዜናና የትምህርት ፊልም በዛ። ሴት ስሟን ለፊልሙ ርእስ የሰጠችበት ሌላው ሥራ፣ የሰሎሞን በቀለ «አስቴር»፣ በ1984 ዓ. ም. ታየ። በ1987 ዓ. ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ቅድመ ምርመራን ከለከለ፤ ቪዲዮ ካሜራም ረከሰና በአዲስ አበባ የአማርኛ ፊልም እንደ ዝናም በዛ። አብዛኛው የፍቅርና የቀልድ ፊልም ቢሆንም፣ ስለ ሴተኛ አዳሪዎች ሕይወት በቁም ነገር የተሠራም አለ። ለምሳሌ እ. ኤ. አ. በ2015 የወጣው የሄርሞን ኃይላይ ፊልም የአንድ ባለ ታክሲንና የአንዲት ሴተኛ አዳሪን ፍቅር ያለ ስድብና ያለ ስብከት ያሳያል።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ አገር የሚቀርበው ግን በጎንደር የተወለደው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። ይህ ፊልም እ. ኤ. አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት አገኘ። ታሪኩ በጣና ዳር ባለ መንደር ይጀምራል። የተማረው አንበርብር ከውጭ አገር ሲመለስ በእናቱ ቤት የተጠለለች አዛኑ የምትባል ሴት ያገኛል፤ ልጇን በመግደሏ መንደሩ ያገለላት ናት። ፊልሙ ኃጢአቷን አይክድም፤ ነገር ግን ወደዚያ ያደረሳትን ነገር ያሳየናል፣ ከዚያም ፍቅርና ልጅ ይሰጣታል። የጣና ዳር ባላገር አዛኑን የመሰለች ሴት ታሪክ ሳያውቅ አይቀርም፤ ፊት ለፊት አስቀምጦ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

5. ፊሊፒንሶች ያሳለፉት ታሪክ

«ደፋር ፊልም» ሲባል የሰውነትን ራቁትነት የሚያሳይ ፊልም ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ፊልም በጣም የተስፋፋበትን አገር ማየት ይጠቅማል፤ እርሱም ፊሊፒንስ ነው። በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በፊሊፒንስ በ1970 «ኡሃው» የሚባል ፊልም ወጣ፤ ትርጓሜው «የጠማው» ማለት ነው። ይህና ይህን የመሰሉት ፊልሞች «ቦምባ» ተባሉ፤ ቃሉ ቦምብ ማለት ነው። ጊዜው የተማሪዎች ሰልፍና የፖለቲካ ሽብር ጊዜ ነበረ። በመስከረም 1972 ፕሬዚዳንት ማርቆስ የጦር ሕግ አወጁ፤ ምርመራውም ጠበቀ። ይሁን እንጂ ራቁትነቱ በእርጥብ ልብስ ተሸፍኖ፣ ቆይቶም «ቦልድ» በሚል ስም ተመልሶ መጣ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ በዚህ በተከፈተው ቀዳዳ የገቡ ታላላቅ ሰዎች መኖራቸው ነው። የሊኖ ብሮካ «ኢንሲያንግ» በ1976 ወጣ። በማኒላ የድሆች ሠፈር በእናቷ ወዳጅ የተደፈረችውን ልጅ ታሪክ ይናገራል፤ በ1978 በካን የፊልም በዓል ታይቶ ከፊሊፒንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ የቀረበ ረጅም ፊልም ሆነ። የኢሽማኤል በርናል «ማኒላ በሌሊት» ደግሞ በ1980 የከተማዪቱን ጉድ ስላሳየ፣ የከተማዪቱ ስም ከርእሱም ከንግግሩም እንዲወጣ ተደረገ። ራቁትነት ሲያልፍ የከተማዪቱ ስም አላለፈም። ከዚህ የምንረዳው፣ መንግሥት የሚፈራው የተገለጠ ገላን ሳይሆን የተገለጠ ድህነትን መሆኑን ነው። በ1980ዎቹ መካከልም መንግሥት ራሱ ባሠራው የማኒላ ፊልም ማእከል ሳይቈረጡ የሚታዩ ፊልሞች ገንዘብ ማግኛ ሆነው ነበር።

ሁለተኛው ነገር የተዋናዮቹ ዕጣ ነው። ከነዚህ ፊልሞች ተዋናዮች አንዳንዶቹ ገና ልጆች ነበሩ። ፔፕሲ ፓሎማ በሚል የመድረክ ስም ትታወቅ የነበረችው ልጅ በ1985 ሃያ ዓመት ሳይሞላት ሞተች። የፊልሙ ድፍረት የማን ድፍረት ነበር? የፕሮዲዩሰሩ ነውን? የልጅቱ ነውን? እዚህ ላይ የቃላችን ሁለት ፍቺ በሩቅ አገር ሳይቀር ይሠራል።

6. ሁለተኛዪቱ ኂሩት

«ኂሩት አባቷ ማነው?» ከታየ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ2006 ዓ. ም. የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» ወጣ። በጥር ወር በአሜሪካ በሰንዳንስ በዓል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ዋናዪቱ ልጅ በፊልሙ ውስጥ ስሟ ኂሩት ነው። ዕድሜዋ 14 ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ሰዎች ይጠልፏታል፤ ትደፈራለች፤ ስታመልጥ ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ትገድለዋለች፤ በነፍስ ግድያም ትከሰሳለች። ፊልሙ ራቁትነትን አያሳይም። ድፍረቱ በሌላ ቦታ ነው፤ ልማድ የሚባለውን ነገር በሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት አቁሞ «ልጅቱን ማን ጠየቃት?» ይላል።

ታሪኩ የተወሰደው እ. ኤ. አ. በ1996 በአርሲ ከደረሰ እውነተኛ ነገር ነው። ጠበቃዋ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ያቋቋሙት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ፤ ፍርድ ቤቱም ልጅቱ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ. ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። ከግንቦት 1997 ዓ. ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ጋብቻም ከቅጣት አያድንም። ስለዚህ «ፊልሙ ሕጉን አስለወጠ» ማለት ስሕተት ነው፤ ሕጉ የተለወጠው ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ነው። ፊልሙ ያደረገው፣ በመጽሐፍ የተለወጠው ነገር በሰው ልብ ተለውጦ እንደ ሆነ መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በነሐሴ 2006 ዓ. ም. መጨረሻ ፊልሙ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ትያትር ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመረቅ ተመልካቹ ተሰብስቦ ሳለ፣ የፍርድ ቤት ማገጃ መጥቶ ተቋረጠ። አቤት ባይዋ ታሪኩ የደረሰባት ሴት ራሷ ናት። አቤቱታዋም ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ የሚል ነበር። ኋላ በስምምነት እገዳው ተነሥቶ ፊልሙ ታየ።

ይህን ነገር ብዙ ሰው እንደ ትንሽ የሕግ ግርግር ቈጥሮ አልፎታል። ለእኔ ግን የጉዳዩ ልብ ይህ ነው። «ልጅቱን ማን ጠየቃት?» የሚለው ፊልም፣ ያችው ልጅ አድጋ «እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለችው። ፊልሙ መልካም ነው፤ ዓላማውም ቅን ነው፤ ብዙ ሴቶችንም እንደ ጠቀመ አምናለሁ። ሆኖም ቅን ዓላማ ፈቃድን አይተካም። ሽማግሌ የላከው አባትም ዓላማው ቅን ነበር። በዚህ ምክንያት የሴቲቱን ስም በዚህ ጽሑፍ አልጻፍሁትም፤ ስሟ በብዙ ጋዜጣ የታተመ ቢሆንም።

7. በጅጋ የታየው

ፊልሙን ለዕረፍት ወደ ቤት ስሄድ በኮምፒዩተር ይዤው ሄድሁና አንድ ማታ ለቤተ ሰቤ አሳየሁ። አባቴ ጠለፋው ሲመጣ «ለከብቶቹ ድርቆሽ ልስጥ» ብሎ ወጣ፤ እስኪያልቅም አልተመለሰም። ታናሽ እኅቴ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። አያቴ ጋቢዋን ተከናንባ ጥግ ተቀምጣ ነበር። እርሷ የተዳረችው ዕድሜዋን በማታውቅበት ጊዜ ነው፤ «ጡት አላወጣሁም ነበር» ስትል ብቻ ሰምቻለሁ። ፊልሙ አልቆ መብራቱ ሲበራ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «እሷስ ጠመንጃ አገኘች» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኅቴም ተነሥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ይህን በጽሑፍ ላወጣው እንደምፈልግ ነግሬ ፈቃዷን ጠየቅኋት። «ጻፈው፤ ስሜን ግን አታንሣ» አለችኝ። እኔም እንዳለችኝ አደረግሁ።

መደምደሚያ

ከደፋር ፊልሞቻችን የተረፈልን ውርስ በእኔ አስተያየት ሦስት ነው። አንደኛ፣ የእኛ ፊልም ድፍረቱን የጀመረው በገላ ሳይሆን በጥያቄ ነው፤ ይህ የሚያኰራ ነው። ሁለተኛ፣ ከሁለቱ ኂሩቶች መካከል ያለውን መንገድ ስናይ ጥያቄው ራሱ አድጓል። በ1957 የተጠየቀው «አባቷ ማነው?» ነበር፤ ይኸውም ሴቲቱ የማን ናት ማለት ነው። በ2006 የተጠየቀው «ፈቃዷ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ከ«የማን ናት» ወደ «ምን ትላለች» ለመድረስ ግማሽ ምእት ዓመት ፈጅቶብናል። ሦስተኛ፣ ጥያቄው በጠያቂው ላይ ይመለሳል። ፊልም ሠሪው፣ ጋዜጠኛው፣ በዚህ መጽሔት ስለ አገሩ ልማድ የሚጽፈው ተማሪም ጭምር የሌላውን ሰው ምሥጢር ሲገልጥ ከሁለቱ ድፍረቶች በየትኛው እንደ ደፈረ ራሱን መመርመር አለበት።

የቪዲዮ ቤቱን በር ዘግቶ ልጆችን ማባረር ቀላል ነው፤ ልጆች በስንጥቁ ማየታቸው ግን አይቀርም። የሚሻለው ለእኅቶቻችንና ለወንድሞቻችን የሚገባውን ፊልም በመብራት፣ ከእናትና ከአያት ጋር ማሳየት፣ ከዚያም ተቀምጦ መነጋገር ነው። በየአገራችሁ ለዕረፍት የምትሄዱ ጓደኞቼ፣ ሰዉ እንዲህ ያለውን ፊልም ሲያይ ምን እንደሚል እያደመጣችሁ ብትጽፉልን ለዚህ ጥናት ታላቅ እርዳታ ይሆናል። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ጠይቁ።